የምዕራፍ ሰባት ሽምግልና

መጽሐፍ መጻፍ የብቻ ሥራ ነው ይባላል። ይህን ያለው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኖሮ እንደማያውቅ ግን እምላለሁ። እኛ ጀሞ የምንኖር ሰዎች «የብቻ» የሚባል ነገር የለንም። ከላይ ያለው ጎረቤቴ ነጭ ሽንኩርት ሲወቅጥ የእኛ ቤት ኩባያ ይንቀጠቀጣል። ከጎናችን ያሉት እትዬ አስካለ ዜና ሲከፍቱ እኔም ዜና እሰማለሁ፤ እሳቸው ተከታታይ ድራማ ሲያዩ እኔም ሳላይ እከታተላለሁ። ባለፈው ዓመት በዚያ ድራማ ውስጥ አንዲት ሴት ስትሞት በግድግዳው ወዲያ እሳቸው፣ በግድግዳው ወዲህ እኔ እኩል አዝነናል። ግድግዳው ዓይን ይከልላል፤ ጆሮ ግን ዝም ብሎ ያሳልፋል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ልብ ወለድ እጽፋለሁ ብሎ የተነሳ ሰው ምን ይባላል? ደፋር? ባለቤቴ ትዕግስት ሌላ ቃል አላት። እሱን እዚህ አልጽፈውም።

በሙያዬ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ወንዝ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል። ሰው ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ ግን ማንም አስተምሮኝ ስለማያውቅ፣ እስቲ ራሴ ልድረስበት ብዬ ልብ ወለድ ጀመርኩ። ባልየው ኤፍሬም ይባላል፤ ሚስቱ ማርታ። እስከ ምዕራፍ ስድስት ይተዋወቃሉ፣ ይዋደዳሉ፣ ይጋባሉ፣ ሶፋ ይገዛሉ። ምዕራፍ ሰባት ላይ ማርታ ጥላው ትሄዳለች። ከዚያ ወዲያ ያለው በሙሉ ኤፍሬም እሷን ፍለጋ አገር ለአገር ሲዞር ነው። ወንዙን፣ ተራራውን፣ ስምጥ ሸለቆውን ሁሉ አስቀድሜ ጽፌ ጨርሻለሁ። የጂኦግራፊ መምህር ምን ያድርግ? እንግዲህ አገሩ በሙሉ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማርታ እንድትሄድ። እሷ ደግሞ አልሄድ አለችኝ።

አልሄድ አለችኝ ማለቴ አልጻፍኳትም ማለት አይደለም። ትነሳለች፣ ትናገራለች፣ በሩን ትከፍታለች፤ ሳነበው ግን ስትሄድ አላምናትም። ትንሽ የተናገረች መሰለኝና ንግግሯን ጨመርኩላት። «አንተ የተስፋዬ መቃብር! የወጣትነቴ ፀሐይ በአንተ ደጃፍ ጠለቀች!» አስባልኳት። ኤፍሬምም እንዳያንስ ብዬ በጉልበቱ አንበረከክሁት። «ማርታ ሆይ፣ ከምትሄጂብኝስ ይህ ጣሪያ ተደርምሶ ይውደቅብኝ!» አለ። ይህን ስጽፍ ቀና ብዬ ጣሪያውን ማየቴ አልቀረም፤ ከላይ ነጭ ሽንኩርቱ እየተወቀጠ ነበር።

ጊዜው ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። የትዕግስት እህት ሆሳዕና ከተማ ወልዳ፣ ትዕግስት እሷን ልታርስ ከሄደች ጥቂት ቀን ሆኗታል። ቤቱ ለእኔና ለማርታ ቀርቷል ማለት ነው። (ይህን ዓረፍተ ነገር ትዕግስት ፊት ደግሜው አላውቅም።) እና አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ፣ ይህቺን ሴት ዛሬ ከቤቴ አስወጣታለሁ ብዬ ቆርጬ ተነሳሁ።

ንግግር የሚፈተነው በጆሮ ነው የሚል እምነት አለኝ። ስለዚህ መጀመሪያ በሹክሹክታ አነበብኩት። ሹክሹክታ ጠብ አይሆንም። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ሁለቱም በአንድ ድምፅ ሲናገሩ ማን ማንን እንደሚሰድብ ለእኔም ተምታታብኝ፤ ስለዚህ ለማርታ ቀጠን ያለ ድምፅ ሰጠኋት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጥሩ ወጣልኝ። ከዚያ የበሩ ነገር መጣ። ማርታ ስትወጣ በሩን ትወረውረዋለች ብዬ ጽፌያለሁ፤ ግን በሩ «ጓ» ይበል ወይስ «ድርግም»? ይህን ደራሲ በግምት ሊወስነው ይገባል? አይገባም። ከፍቼ ወረወርኩት። «ድርግም» ነው። ጻፍኩ። ከዚያ ንግግሩን አሻሻልኩና ጠቡን እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩ፤ በሩንም እንደገና ወረወርኩ። እንደገና አሻሻልኩ። ማርታ ያን ዕለት ስትጮህና ስትወጣ፣ ስትጮህና ስትወጣ ዋለች።

ወደ አመሻሹ ላይ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ በቀለ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ስብሰባ የናፈቃቸው፣ ሁለት ሰው ደረጃ ላይ ቆሞ ሲያወራ ካዩ አጀንዳው ምንድን ነው ብለው የሚጠይቁ ሰው። ሁለተኛው ሐጂ ከድር ናቸው፤ ከሕንፃው ሥር ቧንቧና ቀለም የሚሸጡ፣ ከቃላቸው ይልቅ ዝምታቸው የሚከበር። ከሁለቱ ኋላ ደግሞ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል።

ሦስት ትልልቅ ሰዎች በአንድነት በር ካንኳኩ ወይ መርዶ ነው፣ ወይ «ልጅዎን ለልጃችን» ነው። ሴት ልጅ የለኝም። ማን ሞተ ብዬ ፊቴን ለሐዘን አዘጋጀሁ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ። ገቡ፤ አንቀመጥም አሉ። ሻይ ላፍላ አልኩ። «እሺ ሳትለን ውኃም አንቀምስም» አሉ ጋሽ በቀለ ኮፍያቸውን አውልቀው። ከዚያም ለሰፊ ሕዝብ እንደሚናገር ሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ትዳር ክቡር ነው፤ ግጭት ያለ ነው፤ ሰይጣን በመካከል ሲገባ ጎረቤት ዝም ብሎ አይሰማም፤ አንተም መምህር ነህ፣ እሷም ጨዋ ናት፤ ለእኛ ብላችሁ፣ ለሽበታችን ብላችሁ...

«ጋሽ በቀለ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ትዕግስት እኮ ሆሳዕና ናት» አልኳቸው።

ጋሽ በቀለ ንግግራቸውን አቁመው ቀስ ብለው ወደ እትዬ አስካለ ዞሩ።

«ሆሳዕና መሆኗንማ መች አጣሁት!» አሉ እትዬ አስካለ። «እኔ የምለው ስለዚህችኛዋ ነው!»

ኮሚቴው አጀንዳ ተለወጠበት። ጋሽ በቀለ ባልና ሚስት ሊያስታርቁ ነበር የመጡት፤ አሁን ምን ሊያደርጉ ነው? እትዬ አስካለ ግን መልስ አልጠበቁም። «የታለች?» እያሉ መኝታ ቤት ገቡ፤ ቁም ሳጥኑን ከፈቱ፤ ሻወር ቤቱን አዩ፤ ተመልሰው መጥተው ከሶፋው ጀርባ አጎነበሱ። ከዚያ መሃል ወለሉ ላይ ቆመው ትክ ብለው አዩኝ።

«መምህር» አሉ፣ ድምፃቸው አሁን የቁጣ ሳይሆን የፍርሃት ሆኖ፣ «በሩን ወርውራ ስትወጣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሮጬ ደረጃውን ሳይ ማንም የለም። ትንሽ ቆይታ እንደገና ውስጥ ትጮሃለች። እንደገና ትወጣለች። ስትመለስ ግን አንድ ጊዜም አላየኋት። ሰው ሳይገባ እንዴት ነው ደጋግሞ የሚወጣው?»

ሐጂ ከድር ከንፈራቸው በዝግታ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጸሎት ነበር።

ከዚህ ወዲያ መናዘዝ እንጂ ምን ምርጫ አለኝ? ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው አልኩ። ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነበር አልኩ። ሴትየዋ እኔ ነኝ አልኩ። ይህ የመጨረሻው ነገሩን ይበልጥ አባባሰው መሰለኝ፤ ሦስቱም ተያዩ። «እስቲ አሰማን» አሉ ጋሽ በቀለ፣ ማስረጃ እንደሚጠይቅ ዳኛ። ላፕቶፑን አነሳሁ። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ፊት፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚያ በቀጭኑ ድምፅ «አንተ የተስፋዬ መቃብር!» አልኩ።

ሐጂ ከድር ወደ መስኮቱ ዞር አሉና በሳል አሳበቡ። ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እሷ ናት!» አሉ እትዬ አስካለ። «ራሷ ናት!»

ነገሩ ተፈታ ብዬ እፎይ ስል፣ እነሱ ደግሞ ተቀመጡ። አዎ፣ አሁን ተቀመጡ! «ቀጥል» አሉኝ። ሙሉውን አነበብኩላቸው። አድማጭ አገኘሁ ብዬ ልቤ ሞቆ ነበር፤ ግን ልብ ወለድ እየሰሙ አልነበረም፤ ሽምግልና ላይ ነበሩ። ጋሽ በቀለ የሴትየዋ አፍ ከመጠን አልፏል አሉ። እትዬ አስካለ ምን ቢያደርጋት ነው እንዲህ የምትናገረው ብለው ተነሱ። ጋሽ በቀለ ተንበርክኮ የለመነ ወንድ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ አሉ። እትዬ አስካለ የሚንበረከክ ወንድ ያጠፋ ነው፣ ያላጠፋ አይንበረከክም አሉ። እኔ በመካከላቸው ላፕቶፔን እንደ ታመመ ልጅ ታቅፌ ቀረሁ።

«ቆይ» አሉ ሐጂ ከድር። «የተጣሉት በምንድን ነው?»

ጥያቄው የማንም ሽማግሌ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። እኔ ደግሞ መልሱ የለኝም! ገጽ ሙሉ ስድብ፣ ገጽ ሙሉ ልመና ጽፌ፣ ምክንያቱን ረስቼዋለሁ። መርሳት ብቻ አይደለም፤ ኖሮም አያውቅም።

«ቅናት ነው» አልኩ እንደ መጣልኝ።

«በማን?»

«በ... በጎረቤት።»

«በየትኛዋ ጎረቤት?» አሉ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን እያጠበቁ።

ቅናቱን ወዲያው ተውኩት። «ማለቴ፣ እሱ ብዙ ያነባል» አልኩ። ማንበብ ምን ነውር አለው ተባልኩ። «በአጭሩ አይግባቡም» አልኩ በመጨረሻ። ጋሽ በቀለ ለስንት ዓመት አብረው ኖሩ አሉኝ፤ ለአሥር አልኳቸው። «አሥር ዓመት ሳይግባቡ ኖረው፣ ዛሬ ምን አዲስ ነገር ተገኘ?» አሉ። ይህንንም አላውቅም። ተማሪ ሆኜ እንኳ እንዲህ አልወደቅሁም።

ጋሽ በቀለ ተነስተው ውሳኔውን አሰሙ። ኤፍሬም ይቅርታ ይጠይቃል፤ ማርታ ለጊዜው ዘመድ ቤት ቆይታ ለእሁድ ትመለሳለች፤ ኮሚቴው እሁድ መጥቶ ያያል። እኔ ተለማመጥኩ። ጋሽ በቀለ፣ እሷ ከተመለሰች መጽሐፉ አለቀ እኮ፤ የቀሩት ምዕራፎች በሙሉ እሷን ፍለጋ ናቸው፤ ስምጥ ሸለቆው ሁሉ ተጽፏል አልኩ።

«ለምዕራፍ ተብሎ ትዳር አይፈርስም!» አሉ።

ከዚያ የኤፍሬም ወኪል ሆኜ እንድነሳ ተደረግሁ፤ የማርታ ወኪል እትዬ አስካለ ሆኑ። ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። እትዬ አስካለ ትንሽ ካንገራገሩ በኋላ ይቅር አሉኝና ጉንጬን ሳሙኝ። ሐጂ ከድርና ጋሽ በቀለ በየእምነታቸው መረቁን። ሻዩ ተፈላ። ሳህኑ ላይ የነበረው ዳቦ ሁሉ አለቀ። በዚህ ሁኔታ የመጽሐፌ ትልቁ ጠብ በሰላም ተፈታ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የጠፋው ምዕራፍ ብቻ ነበር። ግን እትዬ አስካለ ቅን ሰው ናቸው። ትዕግስት ወሬውን ከሌላ ሰው ሰምታ እንዳትደነግጥ ብለው ስልክ ደወሉላት። ያሏት ቃል በቃል ሲደገም ይህ ነው፤ «ምንም አትደንግጪ፣ ልጄ፤ አስታርቀናቸዋል።»

ትዕግስት በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ተሳፍራ መጣች። በሩን ስከፍትላት ከፀጉሯ ውኃ ይንጠባጠባል። ደህና ነሽ ወይ አልኳት፤ እህትሽስ፣ ሕፃኑስ አልኳት። ጫማዋን ሳታወልቅ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ አልጋውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። እኔ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሽማግሌዎቹን፣ በሩን፣ የቀጭኑን ድምፅ ነገር። እትዬ አስካለ ከሶፋው ጀርባ ማጎንበሳቸውን ስነግራት ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«አንብብልኝ» አለች።

አነበብኩላት። የማርታን ስድብ ስትሰማ ፊቷ አልተለወጠም። ኤፍሬም ተንበርክኮ መለመን ሲጀምር ግን ቀስ ብላ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ማርታ አንቺ አይደለሽም» አልኩ ቶሎ ብዬ። ሳልጠየቅ ለምን እንደመለስኩ ዛሬም አይገባኝም።

«አውቃለሁ» አለች። «እኔን እንዲህ ለምነኸኝ አታውቅም።»

ይህን ያለችው ሳትጮህ ነው። ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር እየፈታች ቀጠለች። ለሌለች ሴት ከሰዓት በሙሉ አትሂጂብኝ ስትል መዋልህን ሰፈሩ ሰምቷል አለች። «እኔ ሆሳዕና ስሄድ ግን ሻንጣዬን እስከ ታክሲ እንኳ አልያዝክልኝም። ከሦስተኛ ፎቅ ስጎትተው የማላውቀው ሰው ነው አዝኖልኝ የተቀበለኝ። ደህና ግቢ ብለኸኛል፣ አልክድም። ግን ቀና ብለህ አላየኸኝም» አለች።

መልስ ፈለግሁ። የኤፍሬምን ንግግር በሙሉ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ አንዱም አልጠቀመኝም። እስቲ አስቡት፣ በዚያች ሰዓት «ትዕግስት ሆይ፣ ይህ ጣሪያ ይደርመስብኝ» ብላት? «ሥራ ላይ ነበርኩ» አልኩ። «አውቃለሁ» አለች አሁንም። ከዚያ ተነስታ ለእህቷ ደወለችና ሕፃኑ ጡት መያዝ አለመያዙን ጠየቀች።

የሰው ትዳር ክፉኛ መታመሙ የሚታወቀው መቼ ይመስላችኋል? ሲጯጯሁ? ተሳስታችኋል። መከባበር ሲጀምሩ ነው። ያን ዕለት ምሳ ላይ ትዕግስት «ጨዉን ብታቀብለኝ፣ እባክህ» አለችኝ። እባክህ! በትዳራችን እባክህ ተባብለን አናውቅም። ጨዉን አቀበልኳት። «አመሰግናለሁ» ስትለኝ ደግሞ ልጎርሰው የነበረውን መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት።

ከምሳ በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩና ምዕራፍ ሰባትን ከፈትኩ። መቃብሩን፣ ፀሐዩን፣ መንበርከኩን፣ «ድርግም» ያለውን በር ሁሉ ከላይ እስከ ታች መረጥኩና አጠፋሁት። ነጭ ገጽ ብቻ ቀረ። ደራሲ የጻፈውን ሲያጠፋ ምን ይሰማዋል ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ ጀግንነት ነው እላችኋለሁ። ውሸት ነው። «የወጣትነቴ ፀሐይ» የምትለዋን ተመልሼ፣ ምናልባት ትጠቅማለች ብዬ ሌላ ቦታ አስቀምጫታለሁ።

ከዚያ አዲስ ጀመርኩ። ማርታ ሻንጣዋን ትዘጋለች። ወጡ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፣ አሙቀህ ብላ ትለዋለች። ኤፍሬም ጋዜጣ እያነበበ ነው። እሺ ይላል። ሻንጣዋን ትይዛለች፤ በሩን ቀስ አድርጋ ትዘጋለች። አለቀ። አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። ስጽፍ ድምፄን አላሰማሁም፤ እትዬ አስካለ ግን ቴሌቪዥናቸውን ዝቅ ማድረጋቸውን ልብ ብያለሁ። ምን ይጠብቁ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

ላፕቶፑን ለትዕግስት ወስጄ ገጹን አሳየኋት። መስኮቱ አጠገብ ሆና አነበበችው። ለዚያች አጭር ገጽ ብዙ ቆየች።

«ደረጃው ላይ አንዴ ቆም ትበል» አለች።

«ለምን?»

«ይከተለኝ እንደሆነ ለማየት።»

ይከተለኝ ነው ያለችው። እኔም ሰማሁ፣ እሷም መስማቴን አየች። ለካ ትዕግስት ሆሳዕና የሄደች ዕለት ደረጃው ላይ ቆማ ኖሯል። እኔ በግድግዳው በኩል የሰፈሩን ሽንኩርት ሁሉ የምሰማው ሰውዬ ይህን ሳልሰማ ቀርቻለሁ።

«ሻንጣውን መያዝ ነበረብኝ» አልኩ።

«ነበረብህ» አለች።

ኮሚቴ አልተጠራም፤ ማንም ማንንም አልወከለም። ማታ ስንበላ «ጨው!» አለችኝ፣ ያለ እባክህ፣ እጇን ዘርግታ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ላፕቶፑንም ወስዳ ስትሄድ አየኋት፤ ከዚያ ገጹን ከቀሩት ምዕራፎች ጋር አንድ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ስታነበው ሰነበተች። ስምጥ ሸለቆው ላይ ስትደርስ እንቅልፍ እንደወሰዳት በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሱን ሌላ ጊዜ እናዝንበታለን።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ በሬ ተንኳኳ። ኮሚቴው በሙሉ ተገኝቷል። ጋሽ በቀለ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ሐጂ ከድር ሙዝ በፌስታል አንጠልጥለው፣ እትዬ አስካለ ደግሞ ከሁለቱም ቀድመው። ትዕግስትን ሲያዩ አገላብጠው ሳሟት፤ ስለ ሕፃኑ ጠየቋት፤ ይደግ አሉ። ከዚያ ጋሽ በቀለ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ጉዳዩ ገቡ። በተወሰነው መሠረት ማርታ ተመልሳለች ወይስ አልተመለሰችም?

ምን ብዬ ልመልስ? ጥበብን ላስረዳ ነው? እውነተኛ ጠብ ድምፅ የለውም ልል ነው? እንደ ክፍል ውስጥ ቆሜ አፌን ስከፍት ትዕግስት ከኩሽና ብቅ አለች። እጇን በፎጣ እየጠረገች በሦስቱም ፊት ቆመች።

«አትመለስም» አለች። «አነጋግሬያታለሁ።»